ጀልባዬን ሁለቴ የበሳሁበት ታወርና ጥላ

የጀልባዬን ጎን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው አሥራ ሁለት ክብ ክብ ነጠብጣቦች ያገኛል። ቀለማቸው ከቀረው ነጭ ትንሽ ይለያል። ጌጥ አይደሉም። የመጀመሪያውን ታወር ያሰርኩባቸው፣ በኋላ በሬዚን፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች ናቸው። አራት እግር፣ በእያንዳንዱ እግር ሦስት ብሎን። ሁለተኛው ታወር ሲመጣ ደግሞ አዲስ አሥራ ሁለት በሳሁ። ደህና ፋይበርግላስ ላይ ትራፓኖ ማሳረፍ ሆድን ባር ባር ያሰኛል። ሁለቴ ማድረግ ደግሞ ያናድዳል።

ያጠፋሁት አንድ ነገር ነው። ታወሩን ለብቻው፣ የፀሐይ ጥላውን ለብቻው መረጥኩ። መጀመሪያ ታወሩን ገዛሁ፣ አሰርኩ፣ ተዝናናሁበት። ጥላው በኋላ ይደረሳል አልኩ። ሲደረስ ቦታ አልነበረውም።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ታወር ማለት ከጀልባው ግራና ቀኝ ተነስቶ ከሰው ራስ በላይ የሚገናኝ የቱቦ ቅስት ነው። ዌክቦርድ ደግሞ ጀልባ በገመድ እየጎተተው ሰው ቆሞበት ውኃ ላይ የሚንሸራተትበት ሳንቃ ነው። ገመዱ የሚታሰረው ታወሩ ላይ፣ ከውኃው ሁለት ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ነው። ገመዱ ዝቅ ብሎ ከኋላ ከታሰረ፣ ቦርድ ላይ ያለው ሰው በዘለለ ቁጥር ወደ ታች ይስበዋል። ከፍ ብሎ ሲታሰር ግን ሽቅብ ያግዘዋል፣ አየር ላይ ትንሽ ያቆየዋል። ጀማሪም ከውኃ ለመነሳት ይቀለዋል። ገመዱ ደግሞ ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አንገት ሳይነካ ከላያቸው ያልፋል። ይሄ ለእኔ ትልቁ ጥቅም ነው።

የመጀመሪያውን ታወር የገዛሁት ፎቶ አይቼ ነው። ጥቁር፣ ወደ ፊት ያዘነበለ፣ ቆሞም የሚሮጥ የሚመስል ነበር። እግሮቹን ያሳረፍኩት ለዓይን ባማረኝ ቦታ ነው። እውነት ለመናገር ያማረው እኔን ብቻ ነው፤ ባለቤቴ ያኔውኑ «ሰው የሚቀመጠው ወዲህ፣ ብረቱ የቆመው ወዲያ» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የፊተኛው ግራ እግር ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ ስንጥቆች አየሁ። ጎረቤቴ ብየዳ የሚሠሩ ትልቅ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ እስቲ ይዩልኝ» ብዬ ወሰድኳቸው። ላዩን ብዙም አላዩትም። እጃቸውን ከጠርዙ ሥር አስገብተው ዳበሱ፣ ዳበሱና «ልጄ፣ ላዩን አሳምረሃል። ታቹን ማን ይዞታል?» አሉኝ።

ታቹን የያዘው ሮንዴላ ነበር። በዚያ ቦታ ከሥር እጅ እንኳ በደንብ አይገባም። መደገፊያ ላሜራ ማስገባት ስላልቻልኩ ሰፋፊ ሮንዴላ አድርጌ፣ ዳዶውን በጣቴ ጫፍ አጥብቄ አልፌው ነበር።

ይሄን ነገር ትንሽ ላብራራው፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የዌክቦርድ ገመድ ብዙ ጊዜ ከ18 እስከ 23 ሜትር ይረዝማል፤ የሚሠራውም እንዳይለጠጥ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ጋላቢው፣ ማለትም ቦርዱ ላይ ያለው ሰው፣ ሲጎትት ጉተታው ገመዱ ላይ አይበርድም፣ በቀጥታ ብረቱ ጋ ይደርሳል። ጀልባው በሰዓት ከ30 እስከ 37 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ ጋላቢው ወደ ጎን ቆርጦ ሲወጣ ደግሞ ጉተታው ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ነው። ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ጉተታ እግሩ ጋ ሲደርስ እንደ ረጅም መፈንቀያ ነው የሚሠራው። አንዱን እግር ወደ ታች ይጫናል፣ ሌላውን ይነቅላል። ሮንዴላ ይህን ኃይል በጥቂት ሴንቲ ሜትር ላይ ያሳርፈዋል። ፋይበርግላሱ ደግሞ ቀስ በቀስ ይሰነጠቃል።

እናም ታወር ስትመርጡ መጀመሪያ ካታሎግ አትክፈቱ። ጀልባው ውስጥ ግቡና ትራሶቹን አንስታችሁ ከጎኑ ጠርዝ ሥር እጃችሁን አስገቡ። እጅ የሚገባበትን፣ ላሜራ የሚቀመጥበትን፣ ሽቦና ቱቦ የማያልፍበትን ቦታ በቴፕ ከላይ ምልክት አድርጉበት። ታወሩ መቆም የሚችለው እዚያ ብቻ ነው። እኔ ጋ ይህ ቦታ ከመጀመሪያው ወደ 40 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሆኖ ተገኘ። ባለቤቴ ያለችው ቦታ ማለት ነው።

ከዚያ ስፋቱን ለኩ። ከግራ ጠርዝ እስከ ቀኝ ጠርዝ፣ እግሩ በሚያርፍበት ትክክለኛ ቦታ ላይ። ጀልባ ሳጥን አይደለም፤ ወደ አፍንጫው እየጠበበ ነው የሚሄደው። የፊት እግሮቹና የኋላ እግሮቹ ስፋት ስለሚለያይ ሁለቱንም ለኩ። ለማንኛውም ጀልባ ይሆናል ተብለው የሚሸጡት ታወሮች ስፋታቸው የሚስተካከለው በተወሰነ ክልል ውስጥ ነው። የእናንተ ልክ ከክልሉ ጫፍ ላይ ካረፈ ሌላ ፈልጉ። መሃል ላይ ሲያርፍ እግሮቹ ሳይጨነቁ ይቆማሉ። እግሩ የሚያርፍበት ገጽ ምን ያህል እንዳዘነበለም እዩ። እግሩ በማዕዘን የሚዞር ካልሆነ አንዱ ጫፍ ይነሳና ብሎን እያጠበቃችሁ በግድ ታስተኙታላችሁ። ስንጥቅ ከዚያም ይመጣል።

የፊት መስታወቱን መርሳት ቀላል ነው። መሃሉ የሚከፈት ከሆነ ከፍታችሁ ለኩ። የእኔ የመጀመሪያ ታወር መስታወቱ ሲከፈት ቱቦውን ይነካ ነበር። አንድ ጨርቅ አስሬበት ወቅቱን ጨረስኩ።

ወደ ቁሱ እንምጣ። አብዛኛው ታወር አሉሚኒየም ነው። ቀላል ነው፣ እንደ ብረት ዝገት አይበላውም። ስቴንለስ ይከብዳል ግን ጠንካራ ነው፤ ጨው ውኃ ላይ የምትሄዱ ከሆነ 316 የተባለውን ደረጃ ጠይቁ። አሉሚኒየም ታወር በስቴንለስ ብሎን ሲታሰር ሁለቱ ብረቶች በእርጥበት፣ በተለይ በጨው ውኃ ውስጥ ይጣላሉ። የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። ብሎኑ ዙሪያ ነጭ ዱቄት ይወጣል፣ ቀለሙ ያብጣል። በመካከላቸው የፕላስቲክ ሮንዴላና ለዚሁ የሚሆን ቅባት ማድረግ ብዙ ያዘገየዋል። የተቀባ ታወር ላይ ለድምፅ ማጉያ ብላችሁ በኋላ ቀዳዳ ከጨመራችሁ፣ የተላጠውን ጠርዝ ሳትቀቡ አትተዉት።

መታጠፊያው ላይ ቸኩዬ አላልፍም። ታወሩ የሚታጠፈው ጀልባውን በማደሪያው በር ለማስገባትና ዝቅ ካለ ድልድይ ሥር ለማለፍ ነው። ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ታጥፎ የት ነው የሚተኛው? አንዳንዱ መስታወት ላይ ይተኛል፣ አንዳንዱ ኋላ ወንበር ላይ። ጥላው ታስሮበት ሲታጠፍ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው፤ የተጣጠፈው ሸራ ራሱ ቦታ ይፈልጋል። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ብቻውን ያጥፈዋል ወይ? ባዶውን ሊቻል ይችላል። ድምፅ ማጉያ፣ መብራትና የቦርድ መስቀያ ሲጨመርበት ግን ክብደቱ ሌላ ነው። እኔ ብቻዬን ላወርድ ስል መታጠፊያው ጣቴን ነክሶኛል። ጥፍሩ ለመብቀል ወራት ፈጅቶበታል። ከዚያ ወዲህ ሁለት ሰው ካልሆንን አይነካም።

አሁን ወደ ጥላው። እናቴ ከእኛ ጋር ውኃ ላይ መውጣት ትወዳለች፣ ፀሐይ ግን አትችልም። ጥላ የተፈለገው ለእሷ ነው። እኔ ደግሞ ጥላ ማለት ትልቅ ሸራ ብቻ መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ጥላ ከሌላ አምራች የመጣ ነው። ማሰሪያዎቹ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቱቦ የተሠሩ ናቸው። የእኔ ታወር ቱቦ 6 ሴንቲ ከምናምን ነው። ማሰሪያው አልዘጋ ሲል ረዘም ያለ ብሎን አስገባሁበት፣ ክፍተቱን በጎማ ሞላሁት። በሦስተኛው ቀን ጎማው ተንሸራቶ ጥላው ወደ ኋላ አዘነበለ። ሲያዘነብል የኋላ ጠርዙ ከገመዱ ማሰሪያ እኩል ሆነ። የወንድሜ ልጅ ወደ ጎን ሰፋ ብሎ ሲቆርጥ ገመዱ ሸራውን ጠረገው። ወዲያው አልተቀደደም። ግን ጠርዙ ላይ ያለው ስፌት እንደ ቆሎ ተበተነ።

ስለዚህ ቱቦውን በዲያሜትር ለኩ፣ በዓይን አትገምቱ። ክብ ያልሆነ፣ ሞላላ ቱቦም አለ፤ ለእሱ ተራ ማሰሪያ አይሆንም። ገመዱ የሚታሰርበት ነጥብ ከጥላው ጀርባና ከፍ ብሎ መሆን አለበት። ጋላቢው እስከ መጨረሻው ወደ ጎን ሲወጣ ገመዱ የት እንደሚያልፍ ለማየት ቀላል ዘዴ አለ። ጀልባው ተጎታቹ ላይ እንዳለ ገመዱን እሰሩና አንድ ሰው ይዞት በግራም በቀኝም በሰፊው ይዙር። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ሁለተኛውን ጥላ ከመግዛቴ በፊት ያደረግኩት ነገር ግን ከሁሉም የጠቀመኝ ነው። አራት ሞራሌ አምጥቼ በታወሩ ልክ አቆምኩ፣ ላዩ ላይ የአልጋ አንሶላ ወጠርኩ። እናቴን ወንበሯ ላይ አስቀመጥኳት። እኩለ ቀን ላይ ጥላው ልክ ከሥሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ተመልሼ ሳይ አንሶላው እዚያው፣ ጥላው መሬት ላይ፣ እናቴ ደግሞ ፀሐይ ላይ! «አንተ ልጅ፣ ይሄ ጥላ እግር አለው እንዴ?» አለችኝ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ፀሐይ ሰማይ ላይ በግማሽ፣ ማለትም በ45 ዲግሪ ላይ ስትሆን ጥላ ወደ ጎን የሚሸሸው በከፍታው ልክ ነው። ሸራው ከተቀማጩ ራስ 1 ሜትር ከፍ ካለ ጥላው 1 ሜትር ይርቃል። ፀሐይ ከዚያ ዝቅ ስትል ይብሳል። ከፍ ያለ ጥላ ቆሞ ለመንቀሳቀስ ይመቻል፣ ጥላነቱ ግን ይሸሻል። ዝቅ ያለው ጥላውን ይይዛል፣ አናትን ግን ይመታል። ሁለቱን ያስታረቅኩት በርዝመት ነው። ወደ ኋላ የሚጨመር ቅጥያ ያለው፣ ዌክቦርድ ሲጀመር በዚፕ የሚነሳ ጥላ መረጥኩ። ውኃው ራሱ ብርሃን ወደ ላይ ስለሚያንጸባርቅ ማንም ጥላ ከመቃጠል ሙሉ በሙሉ አያድንም። ይህን ለልጆች መንገር ከባድ ነው፣ ግን እንደዚያ ነው።

ታወሩ ላይ የሚታሰር ጥላ ወይስ በራሱ እግር የሚቆም ቢሚኒ? ለሽርሽር ብቻ ቢሆን ቢሚኒውን እመርጥ ነበር። የጀልባውን ሙሉ ስፋት ይሸፍናል፣ ታወርም አይፈልግም። ዌክቦርድ ካለ ግን ማሰሪያ ቀበቶዎቹ ከታወሩ እግሮች ጋር ይጋጫሉ፣ ከገመዱም ጋር ይጣላል። ታወሩ ላይ የሚታሰረው በእግሮቹ መካከል ስለሚወሰን ጠበብ ይላል። ቢሆንም ነፋስ ሲመታው አይወዛወዝም። የእኔ ምርጫ እሱ ነው፣ ከአንድ አምራች፣ ለዚያው ታወር የተሠራ።

ጨርቁ ላይ አትቆጥቡ። ሰንብሬላ በሚል ስም እንደሚሸጠው ያለ አክሪሊክ ቀለሙ ክሩ ሲሠራ አብሮ የገባ ነው፤ ስለዚህ ቶሎ አይነጣም፣ ይተነፍሳልም። ፖሊስተሩ ይረክሳል፣ ጠንካራም ነው፣ ፀሐይ ግን ቀለሙን ፈጥና ትበላዋለች። ይበልጥ የሚረሳው ክሩ ነው። ሸራው ደህና ሆኖ ሳለ ስፌቱ ቀድሞ ይበሰብሳል፣ የተለመደ ነገር ነው። ሻጩን «ክሩ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የሚያውቅ ሻጭ ወዲያው ይመልሳል። የሚያመነታ ከሆነ መልሱን አገኛችሁ። ከሥሩ ጠቆር ያለ ጨርቅ የውኃውን ነጸብራቅ ይቀንሳል፣ ዓይን ያሳርፋል።

የሚነዳው ሰው ወደ ኋላ የሚያይበትን መስታወትም አስቡ። የጥላው ኋላ ጠርዝ ዝቅ ካለ፣ ጋላቢው ሲዘል ልክ አየር ላይ ሲሆን ከመስታወቱ ይጠፋል። ማየት የሚያስፈልገው ደግሞ ያኔ ነው። ወደ ኋላ የሚያይ ሌላ ሰው ቢኖርም እኔ ራሴ ሳላይ አልነዳም።

ቦርዶቹን ጥላው ላይ የሚሸጉጥ ኪስ ያለው ሞዴል አለ። ጓደኛዬ ይምልበታል። እኔ አልወደድኩትም። እርጥብ ቦርድ ይከብዳል፣ ሸራው ይረግባል፣ ክብደቱም ከሁሉም በላይ ነው የሚቀመጠው። ጀልባችሁ ትንሽና ቀላል ከሆነ ከላይ የሚጨመረው ኪሎ ሁሉ ሲዞር ያስታውቃል። ሁሉም ሰው በአንድ ጎን ሲቀመጥ ደግሞ የበለጠ።

ሸራ በመንገድ ላይ። እዚህ ላይ ለስፌት ለሁለተኛ ጊዜ ከፍያለሁ። የነፋስ ኃይል የሚጨምረው በፍጥነቱ እጥፍ ሳይሆን በፍጥነቱ ስኩዌር ነው። ውኃ ላይ በ35 ኪሎ ሜትር ጸጥ ብሎ የቆመ ጥላ፣ ተጎታች ላይ በ100 ሲነዳ ስምንት እጥፍ ገደማ ይገፋል። ተዘርግቶ አይሄድም። ታጥፎ፣ ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ፣ በቀበቶ ታስሮ ነው። ዝናብ ሲመጣም እንዲሁ። በደንብ ያልተወጠረ ሸራ ውኃ ያቁርና በማግስቱ ፍሬሙ ጎብጦ ታገኙታላችሁ።

በጎን የሚወርዱ መጋረጃዎች ካሉት፣ ሞተሩ እየሠራ ሁሉንም ዘግታችሁ ኋላውን ብቻ አትክፈቱ። ጭሱ በኋላ በኩል ተስቦ ይገባል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ መጀመሪያ የሚሰማችሁ ብዙ ጊዜ ራስ ምታት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጆች ሁሌ ይጠይቃሉ። ሰው ተቀምጦበት የሚጎተተውን የሚነፋ ጎማ ከታወሩ አታስሩ። ብዙ አምራቾች መመሪያቸው ላይ ይከለክሉታል። ሁለትና ሦስት ሰው የጫነ ጎማ አፍንጫው ውኃ ውስጥ ሲገባ ጉተታው ድንገት ነው፣ ዌክቦርድ ላይ እንዳለ ሰው እጁን አይለቅም። ለጎማው ከኋላ ዝቅ ያለው ቀለበት አለ። ታወሩ ላይ መውጣትና ከላዩ መዝለልም አይፈቀድም። በቤታችን ይህ ሕግ ለጎልማሶቹም ይሠራል፤ የሚያስቸግረው ታናሽ ወንድሜ ነው።

ስትበሱ፣ ቦታውን በወረቀት ቴፕ ሸፍኑ። ትራፓኖውን መጀመሪያ ወደ ኋላ አዙራችሁ የላይኛውን ቀለም ብቻ ፋቁ፤ ያኔ ጠርዙ አይፈነቀልም። በቀጭን መብሻ ጀምሩና አሳድጉ። ቀዳዳው ውስጥ ፎም ወይም እንጨት ካያችሁ ውኃ እንዳይገባው በሬዚን ዝጉት። ከሥር 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ማዕዘኖቹ የተሞረዱ የአሉሚኒየም ላሜራ አድርጉ። አራቱም እግሮች ቦታቸውን እስኪይዙ ምንም ብሎን ጥብቅ አታድርጉ።

ሁሉም ከጠበቀ በኋላ ጋሼ ያሳዩኝን አደረግኩ። በቀይ ቀለም ከዳዶው ጀምሮ እስከ ላሜራው ድረስ አንድ ቀጭን መስመር ሰመርኩ። ዳዶው ትንሽ ቢዞር መስመሩ ይሰበራል። ቁልፍ ይዞ አሥራ ሁለቱን ከመዞር፣ በባትሪ አንዴ ማየት ይበቃል። በሦስተኛው ጉዞ ሁለት መስመሮች ተሰብረው አገኘሁ፣ አጠበቅኳቸው። ከዚያ በኋላ አልተንቀሳቀሱም። ታወር ሲንኳኳ መስማት የለመዳችሁ ካላችሁ፣ ድምፁ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ከመታጠፊያው ወይም ከላላ ማሰሪያ ነው፤ እጃችሁን ቱቦው ላይ አድርጋችሁ ሞተሩን ስታስነሱ ታገኙታላችሁ።

አሁን ሁለተኛ ወቅቱ ነው። ጥላው አሁንም ከሰዓት በኋላ ይሸሻል፤ እሱን የሚያቆም ታወር አልተሠራም። እናቴ ፀሐይዋ ጉልበቷን ስትነካት «ጥላዬ ሄደብኝ» ትላለች። ሞተሩን አስነሳና የጀልባውን አፍንጫ ትንሽ አዞርላታለሁ።